ፍየሎቹ የመሰከሩት ዘመን

ቀድሞ በገጠር የሚኖር ሽማግሌ የተወለደበትን ዓመት ሲጠየቅ ቁጥር አይጠራም ነበር። «ከብት ያለቀ ጊዜ ጡት ያልጣልሁ ሕፃን ነበርሁ» ይላል፤ ጠያቂውም ይህን ሰምቶ የሰውየውን ዕድሜ ያሰላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የወረደው ክፉ ቀን በሬውን ከቀንበሩ፣ ላሚቱን ከጥጃዋ ለይቶ የፈጀ የከብት በሽታና እሱን ተከትሎ የመጣ ረኃብ ነበር። ከዚህም የተነሣ በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ የዘመን ድንበር ሆኖ የቆመው በዜና መዋዕል የተጻፈው ሁሉ ሳይሆን የከብቱ ሞት ነው። የንጉሥ መንገሥ ለገበሬው የሩቅ ወሬ ሲሆን፣ የበሬው መሞት ግን በደጃፉ የደረሰ ታሪክ ነበር።

የተማርን ሰዎች ይህን የዘመን አቈጣጠር ስንሰማ ፈገግ ማለት ይቀናናል። ታሪክ ማለት የተጻፈ ነገር ነው የሚል ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ተጫነብን፣ በከብት ሞት የሚቈጠር ዘመን ከተረት የሚቈጠር ይመስለናል። ይሁን እንጂ ካለፉት 70 ከሚበልጡ ዓመታት ወዲህ የዓለም ሊቃውንት በቤተ ሙከራቸው የሚያደርጉት ነገር ከዚያ ሽማግሌ አነጋገር እምብዛም የራቀ አይደለም። እነርሱም የእንስሳትን ሞት ይዘው የዘመንን ቁጥር ይፈልጋሉ። ልዩነቱ የሚጠይቁት አፈ ታሪክን ሳይሆን አጥንትን መሆኑ ነው። ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው በደቡብ ኢጣልያ በቬሱቪዮስ ተራራ አጠገብ በአንዲት መንደር ጉሮኖ ውስጥ ተዘግተው የሞቱ ፍየሎችን ነው።

ቬሱቪዮስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ፖምፔይን ነው። ፖምፔይ በ79 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳ አቈጣጠር በአመድና በድንጋይ ናዳ ስትቀበር ምስክር ነበራት። ያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት የነበረው ታናሹ ፕሊንዮስ ፍንዳታውን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሆኖ አይቷል። አጎቱ ሽማግሌው ፕሊንዮስ ሰው ለማዳን በመርከብ ሄዶ ሞቷል። የወንድሙ ልጅም ከዓመታት በኋላ ለታሪክ ጸሐፊው ለታኪቶስ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ያየውን ሁሉ ተርኮለታል። እንዲህ ያለ ምስክር እያለ እንኳ ወሩ ነሐሴ ነው ወይስ ጥቅምት የሚለው ክርክር አልበረደም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈች የቀን ምልክት ተገኝታ ነገሩን ወደ ጥቅምት አድልታዋለች። ጽሑፍም ይሳሳታል፤ ከገልባጭ ወደ ገልባጭ ሲተላለፍ ወር ይጥላል፣ ወር ያነሣል።

ይኸው ተራራ ግን ፖምፔይን ከመቅበሩ ወደ 2000 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ከዚያ የከፋ ፍንዳታ አድርጎ ነበር። የጂኦሎጂ ሊቃውንት ይህን ፍንዳታ ቀዳዳማውና ቀላሉ ድንጋይ፣ ማለትም ፑሚሱ፣ በብዛት በወረደበት አቅጣጫ በምትገኘው ከተማ ስም «የአቬሊኖ ፍንዳታ» ይሉታል። የጋዝና የአመድ ዓምዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ፊደል የሚያውቅ አልነበረም፤ ሮማ ገና አልተመሠረተችም። ነዋሪዎቹ አራሽና አርቢ የሆኑ የነሐስ ዘመን ሰዎች ነበሩ፤ ባህላቸውን አርኬዎሎጂስቶች «ፓልማ ካምፓንያ» ብለው ሰይመውታል። ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደ ነበር የነገረን የለም።

በ2001 እ.ኤ.አ. በኖላ ከተማ ዳርቻ ክሮቼ ዴል ፓፓ በተባለ ቦታ ለግንባታ መሬት ሲቈፈር ከእነዚህ ሰዎች መንደር ጥቂቱ ብቅ አለ። ከተራራው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተገኘው ነገር የተለመደው የፍርስራሽ ክምር አልነበረም። በመጀመሪያ አመዱ፣ ከዚያም አመድ የተሸከመው የጭቃ ጎርፍ ወደ ጎጆዎቹ ገብቶ ስለ ሞላቸው፣ እንጨቱና ሣሩ ከጊዜ ብዛት ቢበሰብስም ቅርጹ በደረቀው ጭቃ ውስጥ ታትሞ ቀርቷል። ልክ ሸክላ ሠሪ በጭቃ እንደምታትመው፣ የምሰሶው ክብነት፣ የማገሩ አሠራር፣ የሣር ክዳኑ ዘለላ ሳይቀር ይነበባል። በውስጡም ማሰሮውና ገንቦው በየቦታው ተቀምጦ ነበር።

ቲያትር የሚጽፍ ሰው ባዶ መድረክ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን በየት በኩል እንደ ወጣ ነው። በኖላም መድረኩ ከነዕቃው አለ፤ ተዋንያኑ ግን የሉም። የት እንደ ሄዱ የሚያመለክት ነገር በሌላ ስፍራ ተገኝቷል፤ በአካባቢው በተደረገው ቁፋሮ በአመዱ ላይ የታተሙ፣ ከተራራው የሚሸሹ በሺህ የሚቈጠሩ የሰውና የከብት ዱካዎች ታይተዋል። ሁሉም ግን አላመለጠም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከኖላ አጠገብ በሳን ፓውሎ ቤልሲቶ የአንድ ወንድና የአንዲት ወጣት ሴት አፅም በድንጋዩ ናዳ ሥር ተገኝቷል፤ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው ነበር።

ከመንደሩ የሸሹት ሰዎች ግን አንድ ነገር ሳያደርጉ ሄዱ። ጉሮኖውን አልከፈቱትም። በጭንቅ ሰዓት ልጅ የሚያዝልና ሽማግሌ የሚደግፍ ሰው ለፍየል ጉሮኖ ጊዜ ከየት ያመጣል? ወይስ ነገ እንመለሳለን ብለው ነበር? ያም ሆነ ይህ ያረገዙ ፍየሎች እንደ ተዘጉ ቀሩ፤ ጭቃውም በዚያው ላይ ዘጋባቸው። አርኬዎሎጂስቶቹ አፅማቸውን ያገኙት በሆዳቸው ካሉት ግልገሎች አፅም ጋራ ነው።

ከዚህ ላይ ነው የፊዚክስ ሰዎች ወደ ታሪኩ የሚገቡት።

ከኅዋ የሚመጣ ጨረር ዘወትር ከባቢ አየራችንን ይመታል። ከዚህ ምት የሚወጡት ኒውትሮኖች የናይትሮጂንን አቶም ሲያገኙ ወደ ካርቦን 14 ይለውጡታል። ይህ ካርቦን እንደ ሌላው ካርቦን ከኦክሲጂን ጋራ ተዋሕዶ በአየር ውስጥ ይሰራጫል፤ ቅጠሉ ይስበዋል፣ ፍየል ቅጠሉን ትበላለች፣ ሰው የፍየሏን ወተት ይጠጣል። ሕይወት ያለው ሁሉ ከአየሩ ጋራ የተመጣጠነ ካርቦን 14 በገላው ይይዛል። የሚሞት ሁሉ ግን መብላቱን ያቆማል፤ ካርቦን 14ቱም ሳይተካ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሮጂን ይመለሳል። በ5730 ዓመት ውስጥ ግማሹ ያልቃል፤ ከቀረውም በሌላ 5730 ዓመት ግማሹ። እንግዲህ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚለካ ሰው፣ ሞት ከደረሰ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈ ያውቃል ማለት ነው።

ካርቦን 14ን በ1940 እ.ኤ.አ. ያገኙት ማርቲን ኬመንና ሳም ሩበን ሲሆኑ፣ ይህን ነገር የዘመን መለኪያ ያደረገው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊላርድ ሊቢ ነው። የመጀመሪያ ውጤቶቹን በ1949 አወጣ፤ በ1960ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሊቢ ዕድሜያቸው በጽሑፍ የታወቀ የግብፅ የመቃብር እንጨቶችን እየለካ ነበር ዘዴውን የፈተነው፤ ማለትም በመጀመሪያ አቶሙ በጽሑፍ ተመሰከረለት። ዛሬ ጽሑፉ በአቶሙ እየተመሰከረለት ነው።

የሊቢ ዘመን መለኪያ ብዙ ግራም ናሙና ይፈልግ ስለ ነበር ከአንድ ትንሽ አጥንት ዘመን ማውጣት ማለት አጥንቱን ማጥፋት ማለት ነበር። ከ1977 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን በአቶም አፍጣኝ መሣሪያ አማካይነት አቶሞቹን በቀጥታ መቍጠር ስለ ተቻለ በሚሊግራም የሚመዘን ካርቦን በቂ ሆነ። አጥንቱ ወደ ቤተ ሙከራ ሲደርስ መጀመሪያ በአሲድ ይታጠባል። የድንጋይነት ጠባይ ያለው የአጥንቱ ክፍል ሟሙቶ ሲሄድ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ይቀራል፤ ሊለካ የሚገባው ይህ ነው፤ የቀረው ከአፈር የሚመጣ ካርቦን ሊቀላቀልበት ይችላል። እሳት የበላው አጥንት ኮላጅኑን ያጣል። የኖላ ፍየሎች በጋለ ጋዝ ሳይሆን በጭቃ የታፈኑ መሆናቸው ለእነርሱ ከሞት ላያድን፣ ለአጥኚዎቹ ግን ከፍ ያለ ጥቅም ሆነ።

ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ነገር መካከል የፍየል አጥንት ለምን ተመረጠ? አፈሩም ካርቦን አለው፤ ምሰሶውም ከሰል ሆኖ ይገኛል። መልሱ ብዙ ስሕተት ካለፈ በኋላ የተገኘ ነው። ከአመዱ ሥር ያለው ጥንታዊ አፈር የብዙ መቶ ዓመት ቅጠልና ሥር የተቀላቀለበት ስለሆነ አማካይ ዕድሜ እንጂ የፍንዳታውን ዕለት አይነግርም። ምሰሶውም ያታልላል። የዛፍ ልብ ከቅርፊቱ በብዙ ዓመት ይቀድማል፤ ዛፉ ተቈርጦ፣ ጎጆ ሆኖ፣ ጎጆው አርጅቶ እንጨቱ ለሌላ ጎጆ ከዋለ ደግሞ የዕድሜው ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ከባሕር የሚበላ እንስሳም አያገለግልም፤ የባሕር ውኃ የቈየ ካርቦን ስለሚይዝ ዓሣ በላተኛው ሁሉ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይታያል። ፍየል ግን ዓሣ አትበላም። ዕድሜዋ አጭር ነው። ያለፈውን የጥቂት ዓመት ቅጠል በአጥንቷ ይዛ፣ በፍንዳታው ዕለት ሞተች። የእርሷ ሞትና የተራራው መፈንዳት አንድ ቀን ነው። ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ምስክር ለማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ሥጋት ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ተራራው ነው። እሳተ ገሞራ ከምድር ሆድ የሚያወጣው ጋዝ ካርቦን 14 የለውም። በጋዙ መውጫ አፍ የበቀለ ሣር ይህን ሞተ ካርቦን ስለሚስብ ሕያው ሆኖ ሳለ የጥንት ይመስላል፤ እሱን የጋጠ እንስሳም እንዲሁ። ይህ ጉዳት ግን በአብዛኛው ከመውጫው አፍ አጠገብ የሚወሰን ነው፤ የኖላ ግጦሽ ከተራራው ራቅ ያለ በመሆኑ ሥጋቱ አነስተኛ ነው።

ኢዛቤላ ፓሳሪዬሎ፣ የኢጣልያ ነሐስ ዘመን ሊቅ የሆነችው ክላውድ አልቦሬ ሊቫዲና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከኖላ የወጣውን የፍየል አጥንት መሠረት አድርጎ የፍንዳታውን ዘመንና ሰዎች ወደ ጠፋው ምድር የተመለሱበትን ጊዜ የመረመረ ነበር። ልኬቱ የተደረገው በዚያው አገር በካዜርታ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጸሐፊዎች ይጠቅሱት የነበረው ቁጥር ከ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ 3780 ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1830 ገደማ ነበር። አዲሱ ልኬት ፍንዳታውን ከዚያ ወደ ኋላ ወስዶ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1900 አካባቢ አቀረበው። በ2011 ደግሞ የሆላንዱ ሊቅ ያን ሴቪንክና ባልደረቦቹ ከሮማ በስተ ደቡብ ካለ ጥንታዊ የሐይቅ ደለል ውስጥ ያንኑ አመድ አግኝተው፣ በደለሉ ካለው የተክል ቅሪት 1995 ዓመት ከልደት በፊት፣ 10 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ የሚል እጅግ የጠበቀ ቁጥር አወጡ። ይህም ብዙዎችን አስደሰተ። ነገር ግን ቁጥሩ አልጸናም፤ በደለል ውስጥ ያለ ተክል ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሊዛወር እንደሚችል በኋላ የተደረገው ምርመራ ስላሳየ ሴቪንክ ራሱ ሐሳቡን ከልሷል። ክርክሩ ወደ 1900 አካባቢ፣ ወደ ፍየሎቹ ምስክርነት ተመልሷል። አንድ ሊቅ በስሙ የታወቀውን ቁጥር በራሱ እጅ ሲከልስ ማየት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ይህን የሚያደርግ ብዙ አላየሁም።

አንባቢ «70 ዓመት ወዲያ፣ 70 ዓመት ወዲህ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። የልኬቱን ስስነት መጀመሪያ እንመልከት። ከ3900 ዓመት በኋላ በአጥንቱ ውስጥ የሚቀረው ካርቦን 14 ከ100 እጅ 62 ያህል ነው። በዚህ ላይ የመቶ አንድ እጅ ስሕተት ከተፈጠረ 80 ዓመት ያህል ይዞ ይሄዳል። የኅዋው ጨረርም በየዘመኑ እኩል ስላልነበረ፣ የተገኘው ቁጥር ዓመት በዓመት ከተቈጠሩ የዛፍ ቀለበቶች ጋራ እየተመሳከረ መታረም አለበት፤ የመጨረሻው ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ 70 ዓመትን መለየት ቀላል ሥራ አይደለም።

ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። የአቬሊኖ አመድ በኢጣልያ ምድር በሰፊው ተበትኖ የሚገኝ ስለሆነ፣ አመዱ የታየበት ሐይቅ፣ ዋሻና መንደር ሁሉ ዘመኑን የሚቀበለው ከእርሱ ነው። የአመዱ ቁጥር ሲንቀሳቀስ የእነዚያ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የፖምፔይን ከመሰለው ታላቅ ፍንዳታ ወደ ቀጣዩ ስንት ዘመን እንደሚያልፍ የሚያሰላውም ሰው ከዚህ ቁጥር ይነሣል። ቬሱቪዮስ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በመጀመሪያው የአደጋ ቀጠና ውስጥ ብቻ 700000 ያህል ሕዝብ ይኖራል፤ ናፖሊ ከአጠገቡ ናት። በ2006 አንድ የሊቃውንት ቡድን የአቬሊኖን ፍንዳታ ለወደፊቱ ሊታሰብ የሚገባው ክፉ ምሳሌ አድርጎ ሲያቀርብ፣ የነሐስ ዘመን አራሾች ሽሽት የናፖሊ ሰዎች ጉዳይ ሆነ።

በኤጌ ባሕር ያለው የቴራ ደሴት ፍንዳታ ከዚህ የገነነ ክርክር አለው። በ2006 ከአመዱ ሥር የተገኘ የወይራ ቅርንጫፍ ከ1627 እስከ 1600 ከልደት በፊት ያለውን ዘመን ሲያመለክት፣ የግብፅን ነገሥታት ተራ ይዘው የሚቈጥሩ ሊቃውንት 100 ዓመት ያህል ወደ እኛ ያቀርቡታል። ብዙ ስለ ተጻፈበት እዚህ አላስፋፋውም፤ በቱርክ ጠረፍ በቼሽሜ በማዕበሉ ፍርስራሽ ውስጥ አንድ ወጣትና አንድ ውሻ በአንድነት ተቀብረው መገኘታቸውን ብቻ ላንሣ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ካርቦን 14 ከ50000 ዓመት በላይ ሊሄድ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ የሚቈጠር አይቀርለትም። የኢትዮጵያ አጥንት ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው አጥንቱ አመዱን አይመሰክርለትም፤ አመዱ ለአጥንቱ ይመሰክርለታል። በ1967 ዓ.ም. መባቻ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋን ያገኘችው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርጎን ተለክቶ ነው። በመካከለኛው አዋሽ እነ ጊዳይ ወልደገብርኤል ለብዙ ዓመት የደከሙት የአመዱን ንጣፍ ከንጣፍ እየለዩ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከኦሞ ኪቢሽ የሰው አፅም በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑንና 233000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው አመልክቷል፤ በሻላ ሐይቅ ዳር ቆሞ ውኃውን የሚያይ ሰው የዚያን ምስክር አፍ እያየ ነው ማለት ነው።

ተራሮቻችንም ገና አልተኙም። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አመዱ አፍዴራን አልብሶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ። ሰው አልሞተም ተባለ። አርብቶ አደሩ ግን ግጦሹ አመድ ለብሶ ፍየሉ የሚበላው አጥቶ ሲቸገር ነበር። የዚህ ፍንዳታ ሰዓት ሳይቀር በሳተላይት ተመዝግቧል፤ የመጪው ዘመን ሰው አጥንት መጠየቅ አያሻውም።

የኖላ መንደር ግን ከተገለጠ በኋላ የከርሰ ምድር ውኃ እየመጣ አጥለቀለቀው። 3900 ዓመት በጭቃ ውስጥ የጸናው የጎጆ ቅርጽ ብርሃን ካየ በኋላ ውኃ ፈታው። ከመጥለቅለቁ በፊት የወጣው ዕቃና አጥንት ግን አለ። ካርቦኑ ዓመቱን በአሥርታት ይገምታል እንጂ ወሩን አይነግርም። ፍየል የምታረግዘው 5 ወር ነው፤ የምትጠቃበትም ወቅት አለው። በእናቶቻቸው ሆድ የተገኙት ግልገሎች አጥንት ምን ያህል እንደ ረዘመ፣ ስንት ሳምንት ሲቀራቸው አመዱ እንደ ወረደ፣ በካዜርታ ያለው መሣሪያ ሊያይ የማይችለው፣ ፍየል ያረባ ሰው ግን በእጁ ዳስሶ ሊገምተው የሚችል ነገር ነው።